ወደ ገደል ማዶ የተተኮሰችው ጥይት

ሠርግ ቤት ቁርጥ ሲቀርብ ወደ ሽሮው ስዞር የሚያዩኝ ሰዎች ወይ ጾመኛ ወይ ታማሚ ያደርጉኛል። ሁለቱንም አይደለሁም። ምክንያቱ ማዕድ ላይ የሚወራ ስላልሆነ ሲጠይቁኝ ዝም እላለሁ። እናንተ ግን ይህን የምታነቡት ከማዕድ ርቃችሁ ይሆናል ብዬ ልንገራችሁ። ምግብ ፊታችሁ ካለ በልታችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ።

ያኔ ስማዳ ውስጥ፣ ወገዳ ከተማ፣ በዱር እንስሳት ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም ነበር። የተወለድኩት እስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ቤታችን ምሰሶ ላይ የአባቴ ምንሽር ተሰቅሎ ነው ያደግሁት፤ እንደ ብዙው የአገራችን ልጅ ጠመንጃ ስወድ አድጌያለሁ። ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስይዝም ፍቅሩ አልለቀቀኝም። ደመወዝተኛ ጓደኞቼ በስልካቸው ኳስ ሲያዩ እኔ የማየው የአዳኞችን ቪዲዮ ነበር።

በተለይ ልቤን የወሰዱት አጭር ቀለህ ያላቸው የአደን ጥይቶች ናቸው። ለማታውቁት ላስረዳ። እንደ ምንሽር ያለ የድሮ ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት ረጅም ስለሆነ መቀርቀሪያውም ረጅም ነው፤ ስታቀባብሉ እጃችሁ ወደ ኋላ ብዙ ይሄዳል። ኋላ ባሩዱ እየተሻሻለ ሲመጣ ባሩዱን የሚይዘውን ቀለህ አሳጠሩት። ቀለሁ ሲያጥር መቀርቀሪያው አጠረ፣ ጠመንጃው ቀለለ፣ ለተሸካሚውም ተመቸ። ጉልበቱ ግን ያን ያህል አልቀነሰም። ከድኩላ ጀምሮ እስከ አጋዘን ያለውን አውሬ በቅርብ ርቀት፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው አረር፣ ማለትም ከቀለሁ ተፈንጥሮ በሚሄደው የጥይት ጫፍ፣ ከተመታ ባለበት ይጥለዋል። ይህን ሁሉ የማውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ምኞቴ አንድ ቀን የመንግሥት ሥራዬን ትቼ አዳኝ እንግዶችን ይዘው ጫካ ከሚገቡ የአዳኝ ድርጅቶች በአንዱ የአደን መሪ መሆን ነበር።

ጋሽ ብርሃኑን ያገኘሁት በዚህ መሐል ነው። ጋሽ ብርሃኑ የንፋስ መውጫ ተወላጅ ናቸው፤ አዲስ አበባ በሕንፃ ተቋራጭነት ከብረው ለአገራቸው ልጅ ብዙ የሚያደርጉ ሰው ተብለው ይወራላቸዋል። የአደን ፈቃድ አላቸው፣ ከአዳኝ ድርጅቶቹም ጋር ይተዋወቃሉ። በሥራዬ ምክንያት በስልክ ስናወራ የጥይት ነገር ስለማውቅ ወደዱኝ። ለአንዱ ድርጅት ባለቤት ስሜን እንደሚነግሩልኝ ቃል ገቡልኝ።

በዚያ ዓመት በስማዳ ቆላ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ባሉት ቀበሌዎች፣ ከርከሮ ማሽላውን እያወደመ ገበሬው ተማርሮ ነበር። ከርከሮ የሚበላው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን አገዳውን እየሰበረ፣ ሥሩን እየነቀለ ይጥለዋል። ከሁሉም የከፋው የደረሰባቸው እትዬ ሙሉ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። እርሻቸው የመጨረሻው፣ ከገደሉ ጋር የሚዋሰነው ነው፤ መንጋው ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሳቸውን ማሽላ ነው። እየጮሁ፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ ድምፃቸው ዘግቶ ነበር። አቤቱታው ተጽፎ፣ ብዙ ተመላልሶ፣ በመጨረሻ የተወሰኑ ከርከሮዎች ፈቃድ ባለው አዳኝ እንዲገደሉ ተፈቀደ። ጋሽ ብርሃኑ ሲሰሙ፣ «እኔ እመጣለሁ» አሉ። ከደስታዬ የተነሳ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

መጡ። በፒካፕ መኪናቸው ከወገዳ አሳፍረውኝ በዚያ ጠጠር መንገድ እየተንገላታን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙሉ ደጅ ደረስን። የቀበሌው ሽማግሌ አያ ደሴ ምንሽራቸውን በትከሻቸው አጋድመው ቆመው ጠበቁን። እትዬ ሙሉ ጠላና ቆሎ አቀረቡ። ጋሽ ብርሃኑ ጠመንጃቸውን ከሳጥኑ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። አጭሯን መቀርቀሪያ ሳብ መለስ አደረግኋት፤ እንደ ቅቤ ትሄዳለች። እትዬ ሙሉ ጠመንጃዋን በአድናቆት እያዩ፣ «በዚች ነው ከከርከሮው የሚያሳርፉኝ?» አሉ። ጋሽ ብርሃኑ ሳቁና፣ ነገ በጠዋት ከርከሮ የሚባል ዘር እንደማይተርፍ ነገሯቸው።

በማግስቱ ጠዋት ማሳው ጫፍ ላይ ካለች ድንጋያማ ጉብታ ተኛን። ጋሽ ብርሃኑ ጠመንጃዋን በሁለት እግሯ አቁመው የማነጣጠሪያ መነጽሩን አስተካከሉ። ከታች ማሽላው፣ ከማሽላው በታች ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ቀይ ገደል ይታያል። ፀሐይ ከፍ እንዳለች ከርከሮዎቹ ወጡ። አንዲት ትልቅ እናት፣ ከኋላዋ ሌሎች፤ ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ማሳው ገቡ። ያለ መነጽር እንኳ ሩቅ አልነበሩም። አገዳው ሲሰበር ይሰማናል። ከኋላችን እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል።

ጋሽ ብርሃኑ አልተኮሱም። መነጽራቸው ከከርከሮዎቹ በላይ ወደ ማዶ ዞሮ ነበር። የመሥሪያ ቤቴን የሩቅ መመልከቻ አንስቼ ሳይ ከቀዩ ገደል ጫፍ ላይ አንድ የአጋዘን ኮርማ ቆሟል። ቀንዱ ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ወደ ላይ ወጥቷል። በሕይወቴ በአካል ያየሁት የመጀመሪያው ነበር።

«ፈቃዱ ለከርከሮ ብቻ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ርቀቱን ነው የምለካው» አሉኝ። አንድ ትንሽ መሣሪያ ዓይናቸው ላይ አድርገው አዩና ፈገግ አሉ። ከስምንት መቶ ሜትር በላይ ነበር። ለኢላማ የቆመ ካርቶን ለሚበሳ ተኳሽ ይህ ጨዋታ ነው፤ ነፍስ ላለው ነገር ግን በዚያ ነፋስ፣ በዚያ ገደል ላይ ሊታሰብ አይገባም። ከዚያ ርቀት የሚመታው ልብ ይሁን አንጀት ተኳሹ አያውቅም። ይህንኑ ልነግራቸው፣ ደግሞም ተነስቼ ከፊታቸው ልቆም ስል የጠመንጃዋን የጥይት ካዝና አውጥተው በሌላ ካዝና ሲቀይሩ አየሁ። ለምን እንደቀየሩ ያን ጊዜ አልገባኝም። በጉልበቴ እንደተንበረከክሁ ጥይቷ ተተኮሰች።

ድምፁ ገደል ለገደል ሲጋባ ቆየ። ከርከሮዎቹ አንድም ሳይጎድል ተበታትነው ጠፉ። ማዶ ያለው ኮርማ ጀርባውን ቆልመም አደረገ፤ ሆዱን የተመታ አውሬ እንዲያ ነው የሚሆነው። ከዚያ ወደ ገደሉ ውስጥ ዘለለና ተሰወረ።

ጋሽ ብርሃኑ ስልካቸውን ከመነጽሩ ጋር አያይዘው ኖሮ የቀረጸውን ደጋግመው ማየት ጀመሩ። «ያዘችው! ከዚህ ያዘችው!» ይላሉ። መከተል አለብን አልኳቸው። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ ኮርማውም ገደሉ ውስጥ ራሱ እንደሚሞት፣ ሲገኝ እንድንጠራቸው ነግረውኝ ከመኪናቸው ታጣፊ ወንበር አወጡ። አያ ደሴ ምንሽራቸውን አነሱና ቁልቁል ወረዱ። ተከተልኋቸው።

ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድንና ማዶውን እንዴት እንደወጣን ባልተርክ ይሻላል። ኮርማው የቆመበት ስንደርስ ደም አልነበረም ለማለት ይቻላል። ጥቂት ራቅ ብሎ ግን ቅጠል ላይ አረንጓዴ ነገር የተቀላቀለበት ጠብታ አገኘን። አያ ደሴ በጣታቸው ነክተው አሸተቱና እጃቸውን ሣር ላይ ጠረጉ።

«ፈርስ ነው» አሉ። «ይሄ ቶሎ አይሞትም።»

ቀኑን ሙሉ ፈለግነው። ሦስት እግር የረገጠበት፣ አራተኛው የተጎተተበት ዱካ ተከትለን ወደ ወንዙ ወረድን። ገደሉን ሲዘል የፊት እግሩን ሰብሮታል ማለት ነው። በየመንገዱ የተኛበት፣ የተነሳበት፣ እንደገና የተኛበት ቦታ አለ። በተኛበት ሁሉ ሽታው ይቀበለናል። የከብት ፈርስ ሽታ አውቃለሁ፤ እርድ ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ይሄኛው ግን በሕይወት ባለ ሆድ ውስጥ ከደም ጋር ተቀላቅሎ በፀሐይ የፈላ ነው። ዛሬም ድረስ አንዳንዴ ሳላስበው አፍንጫዬ ውስጥ ይመጣል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዙ ዳር፣ ከሾላ ሥር አገኘነው። ውኃ ለመጠጣት አንገቱን ዘርግቶ ቀርቷል። ስንቀርብ ለመነሳት ሞከረ። የተሰበረው እግሩ ከጉልበቱ በታች ወደ ጎን ታጠፈ፤ በአፍንጫው ወደቀ፤ እንደገና ሞከረ። ጎኑ ላይ ዝንቡ ጠቁሯል። አልጮኸም። ዓይኑን አፍጥጦ ብቻ ያየናል።

አያ ደሴ ምንሽሩን ሰጡኝ። «ዓይኔ ደክሟል፤ አንተ ገላግለው» አሉኝ። ከጆሮው ሥር ተኮስኩ። ሕልሜ ሲሳካ ያየሁት እንዲህ ነበር፤ የመጀመሪያው አጋዘኔ ይኸው። አያ ደሴ በስመ አብ ብለው አንገቱን ባረኩት፤ ከዚያ ምናልባት ሥጋው ለቀበሌው ሰው ይሆን እንደሆነ ብለው ሆዱን ቀደዱት። የወጣውን አልነግራችሁም። ሥጋው እስከ ጎድኑ ድረስ አረንጓዴ ሆኗል። ድንጋይ ተደግፌ አስመለስኩ። አያ ደሴ ቢላቸውን ውኃ ውስጥ እያጠቡ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለጥንብ አንሳ እንጂ ለሰው አይሆንም አሉ።

ጋሽ ብርሃኑ ያን ጊዜ ደረሱ። የምንሽሩን ተኩስ ሰምተው ነው የመጡት፤ ያማቸዋል የተባለው ጉልበት በደህና አድርሷቸዋል። ሽታው ሲቀበላቸው ከኪሳቸው ቅባት አውጥተው አፍንጫቸው ሥር ተቀቡ። ከዚያ ፎቶ እንድናነሳቸው ተዘጋጁ። የተቀደደውን ሆድ በቅጠል እንድንሸፍን፣ አፉ ላይ ያለውን ደም እንድናጥብ አዘዙ። አያ ደሴ እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ወንዙ ዞሩ። እኔም አልተንቀሳቀስኩም።

«ምላሱ ወጥቷል» አሉኝ ስልካቸውን እያቀበሉኝ። «ወደ ውስጥ መልስለት፤ ያስጠላል።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያስጠላል ያሉት ምላሱን ነበር።

እምቢ አልኩ። ተናደዱ፤ ራሳቸው በመሐረብ ይዘው መለሱት። ስልኩን ድንጋይ ላይ አቁመው ቀንዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፎቶውን ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ እኔ ጎኑን አየሁ። ጥይቷ የገባችበት ቀዳዳ የእርሳስ ያህል ነው። በአያ ደሴ እገዛ ገለበጥነውና የወጣችበትን አየሁ፤ እሱም የእርሳስ ያህል ነው። ያን ጊዜ የካዝናው ነገር ገባኝ። ሆኖም ከአፋቸው ለመስማት ፈለግሁ።

«በየትኛዋ ጥይት ነው የመቱት?» አልኳቸው።

የጥይት ወሬ ስላነሳሁ ቁጣቸው ጠፋ። ከኪሳቸው ሁለት ጥይት አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሩ። ቀለሃቸው አንድ ዓይነት፣ ቁመታቸው አንድ ዓይነት ነው። የአንደኛዋ አረር ጫፉ ለስላሳ ነው፤ የአደን ጥይት የሚባለው ይህ ነው፤ ሥጋ ሲነካ ይከፈትና ባለበት ይገድላል። የሁለተኛዋ አረር ዙሪያውን በጠንካራ ነሐስ የተለበጠ ለኢላማና ለጦርነት የተሠራ ነው፤ ሳይከፈት በስቶ ያልፋል።

«በዚችኛዋ» አሉ ጠንካራዋን እያሳዩ። «ለስላሳዋ እዚያ ድረስ ቀጥ ብላ አትሄድልኝም። ይቺ ግን እንደ ክር ናት።»

«በዚች እንደማይሞት ያውቁ ነበር?»

«በዚህ ርቀት ባትገድልም ትመታለች። ትደርስ እንደሆነ ልሞክራት ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። በደስታ ነበር የተናገሩት። የምግባባቸው ሰው ስለሆንኩ ደስታቸውን እንዳካፍላቸው ነው የጠበቁት።

አላዋቂ ቢሆኑ አዝንላቸው ነበር። ነገር ግን እኔ የማውቀውን ሁሉ፣ ከእኔም በላይ ያውቃሉ። አውቀው፣ መርጠው፣ ካዝና ቀይረው ነው የተኮሱት። የሚገድለው ጥይት ኪሳቸው ውስጥ እያለ፣ የሚገደለው ከርከሮ ፊታቸው ቆሞ እያለ፣ አንድ ነፍስ ቀኑን ሙሉ በሦስት እግሩ የሄደው እሳቸው አንድ ነገር ሊሞክሩ ስለፈለጉ ነው።

የአጋዘኑን ራስ ቆርጠው፣ ተኩሱን ሰምተው ከመጡ የቀበሌው ሰዎች ለአንዱ አስይዘው ወጡ፤ ማን እንደተሸከመላቸው አልጠየቅሁም። እኔ አልነበርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ብርሃኑ ነገሩን ማስተካከል ያዙ። በእትዬ ሙሉ ደጅ ላይ ቆመው፣ አጋዘኑ ማሽላ ውስጥ ገብቶ ሰብል ሲያጠፋ እንደተመታ እትዬ ሙሉ ቢመሰክሩ ነገሩ በዚያ እንደሚያልቅ አስረዱ። ከዚያም ሌላ ቀን መጥተው ከርከሮዎቹን እንደሚጨርሱላቸው ቃል ገቡ። እትዬ ሙሉ አጋዘን ማሳቸው ውስጥ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። መኪናው ላይ በጆንያ የተጠቀለለውን ራስ አዩ፣ ወደ ማሽላቸው አዩ፣ ከዚያ መሬት አዩ።

«በእውነት ይመለሳሉ?» አሉ።

«በእውነት።»

«እንግዲያ እላለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ለእኔም በግድ ነው የተሰማኝ።

ከገደሉ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ይህ ባሰብኝ። ለእርዳታ ተጠርተው መጥተው፣ አንዲት ከርከሮ ሳይገድሉ፣ የተቸገረችን ሴት ውሸት አናግረው ሊሄዱ ነው። ጋሽ ብርሃኑን ወደ ጎን ጠርቼ እትዬ ሙሉን በሐሰት እንደማላስመሰክር፣ ያየሁትን እንዳለ እንደማመለክት ነገርኳቸው። አልጮኹም። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «የአደን መሪ መሆን የምትፈልገው አንተ ነህ አይደል? እንዲህ የሚያስብ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«አይሠራም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ያን ቀን ያ ምኞት ከውስጤ ወጥቶ አለቀ።

አመለከትኩ። አያ ደሴም ያዩትን ተናገሩ። ጋሽ ብርሃኑ ቀንዱን ተነጠቁ፣ ተቀጡ፤ ብዙም የጎዳቸው አይመስለኝም። ፎቶው ግን አሁንም ስልካቸው ላይ እንዳለ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። እኔን ያስከፈለኝ ሌላ ነው። ነገሩ እስኪጣራ የከርከሮው ፈቃድም ታገደ። መንጋው በዚያ ዓመት ያለ ከልካይ ወጣ። የእትዬ ሙሉ ማሽላ አብዛኛው መሬት ላይ ቀረ። ከቀበሌው ሰው መሐል ሰላምታ የነሱኝ ነበሩ፤ አልፈረድኩባቸውም። ስለ አንድ የሞተ አውሬ ብዬ የሰው እህል ያስበላሁ ነው የመሰላቸው። ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ማሽላው ለተበላበት ሰው ግን ማስረዳት ምን ይረባዋል?

እትዬ ሙሉን ገበያ ላይ ሳገኛቸው ልሸሽ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ስለ ማሽላው እንደተጎዱ አልደበቁኝም፤ ዘመድ ቤት እህል እየተበደሩ ነው የከረሙት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ቀን እላለሁ ስል የገዛ አፌ ሸተተኝ፤ እንኳን አላስባልከኝ» አሉኝ። ቅርጫታቸውን አንስቼ እስከ ገበያው ዳር ተሸከምኩላቸው።

አንባቢዎቼ፣ አደንን ሁሉ እየረገምኩ እንዳይመስላችሁ። ተርቦ የሚያድን አለ፤ ሰብሉን ለማዳን የሚያድን አለ፤ ቀርቦ፣ ለይቶ፣ የሚገድለውን ጥይት አጉርሶ የሚተኩስም አለ። እናንተም እንደ እኔ ጠመንጃ እያያችሁ ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። የመሣሪያውን ብልሃት መውደድ ነውር አይደለም፤ እኔም አሁን ድረስ የአጭሯን ቀለህ አሠራር አደንቃለሁ። የሚያስጠላኝ ሌላው ነፍስ ለእኛ መሞከሪያ ሲሆን ነው። የቻልነውን ሁሉ ለማድረግ ምክንያቱ መቻላችን ብቻ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ ገደል ማዶ ላይ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በሰውም ላይ ሲደረግ አይቻለሁ፤ እትዬ ሙሉ ደጅ ላይ አይቻለሁ።

በተከታዩ ዓመት ፈቃዱ እንደገና ተሰጠ። አዳኝ ለመፈለግ ማንም አልደፈረም። አያ ደሴ ስሜን አነሱ፤ እምቢ ለማለት አፌን ከፍቼ ማሽላው ትዝ አለኝና ዘጋሁት። በደንቡ መሠረት የአዳኝ ፈቃድ ወጣልኝ፣ አጭር ቀለህ የምትጎርስ ጠመንጃም ተገኘችልኝ፤ ለስላሳ አረር ያላቸውን ጥይቶች መርጬ አጎረስኩ። አገዳው ውስጥ በሆዴ እየተሳብኩ፣ ከርከሮዋ ስትተነፍስ እስኪሰማኝ ቀረብኩ። ተኮስኩ። ካለችበት አልተላወሰችም። ሌሎቹንም በተከታዮቹ ቀናት እንዲሁ አደረግሁ።

እትዬ ሙሉ እልል አሉ። ሰላምታ ነስተውኝ የነበሩት ሰዎች መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። ከርከሮዎቹን የምንቀብርበትን ጉድጓድ ስንቆፍር አያ ደሴ ወደ እኔ አየት አድርገው፣ እንዲህ አነጣጥሬ እየተኮስኩ ፊቴ ለምን እንደጠቆረ ጠየቁኝ።

«ደስ አላለኝም» አልኳቸው። «ደስ እንዲለኝም አልፈልግም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና አካፋውን አቀበሉኝ።